አራስ ቤት የገባው ሰንጢ

ጨርቁን ስፈታው ባዶ ነበር።

ሰንጢዎቼን የማስቀምጠው ከአልጋዬ አጠገብ ባለው ኮመዲኖ ውስጥ ነው፤ በብስኩት ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱን በቁራጭ ፍላኔል ጠቅልዬ። እሁድ እሁድ አወጣቸዋለሁ፣ እወለውላቸዋለሁ፣ ማጠፊያቸው ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደርጋለሁ፣ እመልሳቸዋለሁ። በሌላ ቀን አልነካቸውም። ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ቆርቆሮውን የከፈትኩት ለተክላይ ቃል ስለገባሁ ነው።

የጠፋው አንድ ብቻ ነው። ባለአበባው። የስካውቶች ምልክት እጀታው ላይ ያለበት።

«አዳነች!»

እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ካልፈረሱት ቤቶች በአንዱ። ከጓዳ ሆና «አቤት ጋሼ» አለች። ድምፅዋን ስሰማ ወዲያው ገባኝ። አዳነች ምንም ሳታጠፋ እንዲህ ለስልሳ አትመልስም።

«ከቆርቆሮው ውስጥ ሰንጢ ወስደሻል?»

«የትኛውን ሰንጢ?»

«የትኛውን አትበይኝ። ወስደሻል ወይ?»

እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «ያን መስቀል ያለበትን ነው?» አለች።

እኔ መስቀል ያለበት ሰንጢ የለኝም። የስካውቶች ምልክት አበባ ነው። ሦስት ቅጠል አለው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሁለቱ ወደ ጎንና ጎን ይታጠፋሉ፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ የመሰለ ነገር ያስረዋል። የማያውቅ ሰው በደብዛዛ ብርሃን ካየው መስቀል ሊመስለው ይችላል። እህቴ የማያውቅ ሰው ናት።

«ለምኞት ነው» አለች። «ማክሰኞ አልወለደችም? መይሙና ራስጌዋ ብረት ይቀመጥ ስትል ያን አመጣሁላት።»

«በዚህ ቤት ቢላ ጠፍቶ ነው?»

«ያ የቻይናው? እጀታው ፕላስቲክ የሆነው? እሱን ሽንኩርት አይፈራውም ጋሼ፣ ሾተላይ ይፈራዋል?»

«የኔን ዕቃ...»

«ደግሞ መስቀል አለበት።»

«መስቀል አይደለም! አበባ ነው!»

«አበባ ሰንጢ ላይ ምን ይሠራል?»

ቆርቆሮውን ዘጋሁት። ክዳኑ በጣም ጮኸ። «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

«ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እሷ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። እኔ ኮቴን ለበስኩ።

ምኞት ከእኛ በሁለት ቤት አለፍ ብላ ትኖራለች። ባሏ ሹፌር ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትም። ሰፈሩ ሾተላይ ነው ይላል። እኔ አራስና ብረት ምን እንደሚያገናኛቸው ከእናቴ ቤት ጀምሬ አይቻለሁ፤ ትራስ ስር ቢላ ይደረጋል፣ አራሷ ወደ ደጅ ስትወጣም ጨብጣው ትወጣለች። ይከላከላል ብዬ አላምንም። ማንም እንዲያምን አልከለክልም። በራሱ ቢላ እስከሆነ ድረስ።

የተናደድኩት ግን በሰንጢው ብቻ አይደለም። ከሰንጢው ጀርባ ተክላይ አለ።

ሰንጢ መሰብሰብ የጀመርኩት ሰው የያዘውን በሚጥልበት ዘመን ነው። ልጅ ሆኜ ስካውቶቹ ወደ ጊዮርጊስ ሲሰለፉ ቆሜ አይ ነበር። ካኪ ቁምጣ፣ አንገታቸው ላይ ሻሽ፣ ወገባቸው ላይ ሰንጢ። እኔ ስካውት አልነበርኩም። ስካውት ለመሆን ጫማ ያስፈልጋል። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ስካውትነቱም ቀረ። ሰንጢዎቹ ከየቤቱ ወጡና ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ጆንያ፣ ከአሮጌ ቁልፍና ከቆመ ሰዓት ጋር ለሽያጭ ተደረደሩ። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ እዚያ እሄድ ነበር። አንዱን አነሳሁ። ከዚያ ሌላውን።

ሰው ሰንጢ ሲያይ የሚታየው ዱርዬ ነው። ለእኔ እንደዚያ አይደለም። ስለቱ፣ ጣሳ መክፈቻው፣ ወስፌው፣ ብሎን መፍቻው፣ ሁሉም በአንድ መዳፍ ውስጥ ተጣጥፎ ይተኛል። አንዱ ሌላውን አይነካም። ሲጠሩት ይወጣል፣ ሲጨርስ ይገባል። እንደዚህ ያለ ሰው ብዙ አላየሁም።

ተክላይ ወርቅ ሠሪ ነው። ፒያሳ ውስጥ ጠባብ ሱቅ አለው። እሱም ይሰበስባል፤ ግን እሱ ስካውት ነበር፣ ይህንንም ባገኘኝ ቁጥር ይነግረኛል። «አንተ ድንኳን ውስጥ አድረህ ታውቃለህ?» ይለኛል። «አንተ እኮ የምትሰበስበው የሌላን ሰው የልጅነት ዘመን ነው።» ባለፈው ፋሲካ ይህን ብሎኝ እስከ ሰኔ አላነጋገርኩትም።

በእኛ መካከል አንድ ዕቃ አለ። በድሮ ጊዜ አብዱልሃሚድ የሚባል የድልድዩ ነጋዴ እጅ አንድ የካምፕ ሰንጢ ገባ። ይህ ዓይነቱ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ግማሽ ስለት አለ፣ በሌላው ሹካና ማንኪያ። ሊበሉ ሲሉ ያለያዩታል፤ ሲጨርሱ አንዱ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ተንሸራትቶ ይገጥማል፣ እንደገና አንድ ሰንጢ ይሆናል። አብዱልሃሚድ ይህን አላወቀም። ሁለት የተሰበሩ ዕቃዎች መሰሉት። ጠዋት የስለቱን ግማሽ ለእኔ ሸጠ፤ ከሰዓት የሹካውን ግማሽ ለተክላይ። ሁለቱ ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ነው። ይህን ያወቅነው የየራሳችንን ልናሳይ፣ ልንኩራራ ስንገናኝ ነው።

«ያንተን ስጠኝ» አልኩት ያን ጊዜ።

«አንተ ያንተን ስጠኝ» አለኝ።

እንዲህ ስንባባል ሸበትን። አንድ ቀን እንኳ እንግጠመውና እንየው አልተባባልንም። አንዴ ከገጠመ ማን ይዞት እንደሚሄድ ፈራን።

ሐሙስ ዕለት ተክላይ ደወለ። ሱቁ ያለበት መደዳ ሊነሳ ነው፤ እሱም ሰኞ ጠቅልሎ ናዝሬት ልጁ ዘንድ ይገባል። «ባለአበባውን ስጠኝ፤ ሹካውን ውሰድ» አለኝ። ልጅ ሆኖ የያዘው ሰንጢ እንደዚያው ነበር፤ ጠፍቶበታል፤ ሌላ እንደሱ ያለ ከእኔ ጋር ብቻ ነው ያየው። «ቅዳሜ ጠዋት አምጣ» አለኝ። እሺ አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ የምመኘው ብዙ ነገር የለም። ያን ዕቃ ሙሉ ሆኖ በእጄ መያዝ ነበር የቀረኝ።

እና አሁን በአራስ ትራስ ስር ነው።

መይሙና የምኞትን በር ይዛ ተቀምጣለች። ከደጇ ከሰል ትቸረችራለች፤ በሰፈራችን የወለደችውን ሁሉ ግን የምታርሳት እሷ ናት፤ የክርስቲያኑንም፣ የእስላሙንም። ወገቧን ታጥቃለች፤ ፊቷ ላይ የሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት አለ።

«ጋሽ መርሻ! እርስዎም አራስ ሊጠይቁ? ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«ሰንጢዬን ልወስድ ነው።»

ሳቋን ዋጠች። «ይግቡና ጥላ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ከፀሐይ የመጣ ሰው ሕፃን ላይ አይገባም።»

«ዝናብ ሊመጣ ነው አላልሽም?»

«ፀሐይም አለ፣ ዝናብም አለ። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ተናድጄ፣ በሰው ደጅ፣ በዱካ ላይ፣ ከፀሐይ እስክበርድ ጠበቅኩ። ከውስጥ የሕፃኗ ድምፅ ይመጣል፤ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ። በመጨረሻ መይሙና በራሷ ጠቆመችኝ።

ምኞት ራሷን ሸብ አድርጋ ተኝታለች። ሕፃኗ ከጎኗ ናት፤ ቀይ ፊቷ ብቻ ይታያል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩ። ንዴት ላይ ላለ ሰው ይህ ቃል ይከብዳል፤ ግን ሳይሉት አራስ ቤት ውስጥ መናገር አይቻልም።

«አሜን ጋሽ መርሻ። ስላሰቡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዳነች እርስዎ ነዎት የላኩልኝ ብላለች።»

ወደ መይሙና ዞርኩ። መይሙና ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ከኪሴ ሌላ ሰንጢ አወጣሁ። ከቤት ስወጣ ይዤው ነበር። ትልቅ ነው፣ እጀታው ቀንድ፣ ስለቱ ወፍራም። ከምወዳቸው አንዱ ነው። «ይህን ልቀይርልሽ» አልኳት። «ይህ ይከብዳል። ብረቱም ይበልጣል።»

መይሙና ተቀበለችኝና በእጇ መዘነችው። «እውነትም ይከብዳል» አለች። «እኔ ብረት ነው ያልኩት። መስቀሉ የአዳነች ነው።»

ምኞት እጇን ወደ ትራሷ ስር አስገባች። አላወጣችውም። እዚያው ያዘችው።

«መጀመሪያም ጊዜ ብረት ነበረ» አለች። «ሁለተኛውም ጊዜ ነበረ። ትልቅ የበግ ማረጃ ነው የነበረው፤ ከዚህም ይበልጣል። መስቀል ግን አልነበረውም። ጋሽ መርሻ፣ ክርስትና እስክትነሳ ብቻ። ከዚያ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

ሴት ልጅ ናት። የሴት ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው። ተክላይ ሰኞ ይሄዳል።

አበባ ነው የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ለእህቴ ጮኼ ነግሬያታለሁ፤ ለዚህችም መንገር ቀላል ነው። አንድ ቃል ነው። ከተናገርኩት ሰንጢው በእጄ ይገባል፣ ቀትር ሳይሆን ዕቃዬ ሙሉ ይሆናል። ምኞት ታየኛለች። ዓይኗ ጠልቋል። መይሙናም ታየኛለች፤ እሷ ግን አበባ መሆኑን የምታውቅ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ፊቷ «አፍህን ዝጋ» ይላል።

«እስቲ አሳዪኝ» አልኩ። «አልወስደውም። ልየው።»

አወጣችው። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ይህ ለምን እርጥብ ሆነ?»

«አዳነች ጸበል አድርጋበት ነው» አለች ምኞት። «በየጠዋቱ ትጨምርበታለች።»

ፈታሁት። እጀታው ደህና ነው። ስለቱን ለመክፈት ጥፍሬን አስገባሁ፤ አልንቀሳቀስም አለ። ጎትቼ ስከፍተው ድምፅ አወጣ። ከስሩ ጀምሮ ዝገቱ እንደ በርበሬ ተነስንሶበታል፤ የሠሪው ስም የተመታበት ቦታ ላይ ሳይቀር። እኔ ይህን ስለት ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆነው ዕድሜው ብዙውን ደረቅ አድርጌ አኑሬዋለሁ። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ በላችው። እህቴ በጸበል።

ሕፃኗ ተኝታለች። በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩት፣ አጠፍኩት፣ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቀንድ እጀታውንም ከመይሙና ተቀብዬ ወጣሁ። ወደ ቤቴ አልገባሁም። ያን ጊዜ አዳነችን ባገኛት ምን እንደምላት አላውቅም። ወደ ተክላይ ሄድኩ።

ሱቁ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሚዛኑ በጋዜጣ ተጠቅልሏል፣ መዶሻዎቹ በካርቶን ውስጥ ናቸው። ባንኮኒው ላይ አንድ ነገር ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ተቀምጧል። ሹካው ነው። ለእኔ አዘጋጅቶታል። ወልውሎታል።

«አመጣኸው?» አለኝ።

«አላመጣሁትም።»

«ረሳኸው?»

«አራስ ቤት ነው።»

«ምን ቤት?»

«አራስ ቤት። ጎረቤት ወልዳ እህቴ መስቀል ያለበት መስሏት ትራሷ ስር አደረገችው።»

ተክላይ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተወው። መነጽሩን አውልቆ ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ስማ መርሻ» አለ። «ሰው ሲዋሽ ጥሩ ውሸት ይፈልጋል። ሸጥከው አይደል? ያ ሰንጢ የሚገዛው ባለመኪና፣ የቦሌው፣ አገኘህ።»

«አፍህን ዝጋ።»

«አራዳ ነኝ ብለህ ነው? እኔስ የት ያረጀሁ መሰለህ?»

«አፍህን ዝጋ አልኩህ! ተነስ። ተነስና በዓይንህ እይ።»

«ጉልበቴን ታውቃለህ...»

«ትሳባለህ! ሌባ ካልከኝ በኋላ ጉልበት አትቁጠርብኝ።»

ሱቁን ቆለፈ። አብረን ወጣን። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፤ ድሮ ልብስ ሰፊዎቹ የነበሩበት ላይ አበባ ተተክሏል፣ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ። ሁለት ሽማግሌ ጎን ለጎን ሳይነጋገሩ ሲሄዱ ሰው መንገድ ይለቃል። ተክላይ አንዴ ቆሞ አረፈ። እጄን አልሰጠሁትም።

ወደ ሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ስንገባ ምኞት ከቤቷ ወጣች። ወደ ግቢው መጸዳጃ ቤት መሄዷ ነው። በነጠላ ተሸፋፍናለች፤ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ ቀስ ብላ ትራመዳለች። በሌላው እጇ ሰንጢውን ጨብጣለች። እንደተማረችው፣ ምልክቱ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋ። መይሙና ከኋላዋ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

ተክላይ ቆመ። ሰንጢውን አወቀው። ከሩቅ አወቀው።

«በማርያም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይህንን ነው እንዴ መስቀል...»

ክንዱን ያዝኩት። በደንብ ነው የያዝኩት፤ በኋላ በስልክ በልዞ አገኘሁት ብሎኛል። ቃሉ ተቆረጠ።

ምኞት ቀና ብላ አየችን። አፍራ ነጠላዋን ሳበች። «ጋሽ መርሻ... እኚህ አባትም ያውቁታል መስቀሉን?»

ተክላይ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ያለውን አውቀዋለሁ፤ አርባ ዓመት ሲያርመኝ ኖሯል፣ የስካውት ነገር ተሳስቶ ሲነገር ሰምቶ ዝም ብሎ አያውቅም። የመሐላውን ቃል፣ የቋጠሮውን ስም፣ የሻሹን አጣጠፍ፣ ሁሉን ያርማል። አፉን ከፈተ። እኔ ክንዱን አልለቀቅኩም።

«አውቀዋለሁ ልጄ» አለ። «እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚህ ያለ ነበረኝ። ጫካ ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ራስጌዬ አድርጌው ነበር የምተኛው። ጅብ ይጮህ ነበር።»

«እና?»

«እና ይኸው አለሁ።»

ምኞት ፈገግ አለች። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግድግዳዋን ይዛ መንገዷን ቀጠለች። መይሙና ከበሩ ላይ «እንዲህ ነው ጨዋ» አለች፤ ለማን እንዳለች አልገለጸችም።

ትልቁ መንገድ ላይ ስንደርስ ተክላይ ፈነዳ።

«ዝጓል!»

«አውቃለሁ።»

«ከሩቅ ሆኜ ነው ያየሁት! ማጠፊያው ድረስ ዝጓል! ምን አደረጋችሁት?»

«ጸበል አፈሰሱበት። እስከ ልጅቷ ክርስትና ይቀጥላሉ።»

«እና አንተ ዝም አልክ?»

«አንተስ? ጅብ ይጮህ ነበር ስትል የሰማሁህ አንተን አይደለም?»

«እኔ ምን ላድርግ! ክንዴን ሰብረኸው!» ጨርቅ አውጥቶ አንገቱን ጠረገ። «ዋእ! ሰማንያ ቀን በጸበል። ከዚያ በኋላ ሰንጢ ሳይሆን ቆሻሻ ነው። አልፈልገውም። ሰማህ? ሲመለስም አልፈልገውም። ሹካዬን ይዤ ነው የምሄደው።»

«ይዘህ ሂድ!»

«እሄዳለሁ!»

«እኔም የኔን ይዤ እቀበራለሁ፤ አንተም ያንተን ይዘህ ተቀበር!»

ሰዎች ዞረው አዩን። አንዷ ልጅ ስልኳን አነሳች። ተክላይ ወደ ሱቁ መሄድ ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት። ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም። ንዴቴን ገና አልጨረስኩም ነበር።

መቆለፊያውን ለመክፈት ሲታገል ከኋላው ቆሜ አየሁት። ቁልፉ ቀዳዳውን እየሳተ ነው። እነዚያ እጆች የጠጉር ያህል የቀጠነ ወርቅ ይበይዱ ነበር። ሰኞ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ አይመለስም፤ እኔም ናዝሬት አልሄድም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ የእሱ ልጅ ሹካውን ከመሳቢያ አውጥታ «ይህ ምን ነበር?» ትላለች። አዳነች ደግሞ ስለቱን ለአንዲት አራስ ትሰጠዋለች። ሁለት ግትር ሽማግሌዎች አንድ ደህና ዕቃ ለዘላለም ሰብረን ልናልፍ ነው። አብዱልሃሚድ ባለማወቅ የሠራውን እኛ አውቀን ልንደግመው ነው። ይህን ሳስብ ንዴቱ እስከ ጆሮዬ ወጣ። በተክላይ አልነበረም። በማን እንደነበረ አሁንም በትክክል አልልም።

በሩ ተከፈተ። ከደረት ኪሴ የእኔን ግማሽ አወጣሁ። ልገጥመው ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ይዤው ዞሬያለሁ። ባንኮኒው ላይ፣ ከሹካው አጠገብ፣ ኳ አድርጌ ጣልኩት።

«ይኸው።»

«ምንድነው ይህ?»

«ዓይን የለህም? ግጠመው።»

«በምን ልትለውጠው ነው?»

«በምንም።»

«ስንት ልስጥህ?»

«ስንት ብለህ ሁለተኛ ከጠየቅከኝ ከዚያ ካርቶን ውስጥ መዶሻህን አንስቼ ሁለቱንም ነው የማፈርጠው!»

ተክላይ መነጽሩን ፈለገ። እዚያው ባንኮኒው ላይ ነበር። አደረገው። የእኔን ግማሽ በግራ እጁ፣ የእሱን በቀኝ እጁ ያዘ። ጎድጓዳውን በጣቱ ዳሰሰ፣ አቀና፣ ገፋ። በመሃል ላይ ትንሽ ያዘው። ደግሞ ገፋው፤ ገባ። ጣ አለ። ትንሽ ድምፅ ናት። ፒያሳ ውስጥ በዚያ ሰዓት ከሚጮኸው ሁሉ በላይ ሰማኋት።

ተክላይ በመዳፉ ላይ ገለባበጠው። ክፍተት የለውም። የት ጋ እንደሚለያይ አይታወቅም። ከዚያ ወደ እኔ አቀረበው።

አነሳሁት። አንድ ጊዜ አለያየሁት፣ አንድ ጊዜ ገጠምኩት። እንደጠበቅኩት ይከብዳል። ትንሽም ይበልጣል። መልሼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩት፤ ከዚያ በላይ ብይዘው የምመልሰው አልመሰለኝም።

«ናዝሬት ሙቀት ነው» አልኩት። «የእጅ ላብ ይበላዋል። ዘይት ቀባው።»

«አንተ ስለ ሰንጢ እኔን ልታስተምረኝ?»

«አዎ ላስተምርህ። ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ዕቃ አያያዝ አያውቅም።»

«ውጣልኝ» አለኝ። ፊቱን ወደ ካርቶኖቹ አዞረ። አልዞረም። እኔም ደህና ሁን አላልኩትም። ወጣሁ።

ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ልቡ ይቀላል ይላሉ። የእኔ አልቀለለም። በምኒልክ አደባባይ በኩል ዞሬ፣ ረጅሙን መንገድ መርጬ ተጓዝኩ፤ ኪሴ ባዶ እንደሆነ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ዛሬም ይሰማኛል። የሰጠሁት ወድጄ አይደለም። ከሁለቱ ሰንጢዎች አንዱ እንኳ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፤ ሌላ መንገድ ቢኖር እሱን እወስድ ነበር።

ቤት ስገባ አዳነች ምሳ አቅርባ ትጠብቃለች። ፊቴን አየች። እጄን አስታጠበችኝ። ላለመናገር ስትታገል ትንሽ ቆየች፤ አልቻለችም።

«ተክላይ ምን አለ ጋሼ?»

«ሰኞ ይሄዳል።»

«ያ ሹካህስ?»

«ገጠመ።»

«እሰይ! የታለ? እስቲ አሳየኝ።»

«እሱ ጋ ነው።»

ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። አየኋት። ዘጋችው። እንጀራውን ወደ እኔ ገፋች። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ይህንን ግን ነገርኳት።